ከወተት ጥርስ ሥር የተቀመጠው ጥርስ

ወንድ ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀኗ ለክርስትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ አፋቸው ውስጥ ጥርስ አይታይም። ድዳቸው ለስላሳ ነው፤ ባዶ ይመስላል። ባዶ ግን አይደለም። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ገና በማኅፀን ሳሉ መሠራት ጀምረው በመንገጭላው አጥንት ውስጥ በየስፍራቸው ተደርድረዋል። በስድስት ዓመት ገደማ ብቅ የሚለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስም ከልደት ሰሞን ጀምሮ መጠንከር ጀምሯል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ የቋሚዎቹ የፊት ጥርሶችና የክራንቻዎች ሥራ ይጀመራል። ስለዚህ የሕፃን ድድ ሁለት ትውልድ ጥርስ በአንድ ላይ የሚያድርበት ቤት ነው።

ይህን ነገር በልማት ዜና መጽሔት ላይ ማንሣት ለምን እንዳስፈለገ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በዓለም ባንክና በአካባቢው የሚኖረው ምእመን ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጣ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከእናቱና ከአያቱ የተቀበለውን የሕፃናት አያያዝ ይዞ መጥቷል። አብዛኛው መልካም ነው፤ ጥቂቱ ግን ይጎዳል። ከሚጎዳው አንዱ የሕፃኑን ድድ ቀድዶ ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ ማውጣት ነው፤ በብዙ አካባቢ «ግግ ማውጣት» ይባላል። በዓለም ባንክ ከሚገኙት አጥቢያዎች በአንዱ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና በተወያየንበት ዕለት አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ዲያቆን፣ የወተት ጥርስ እኮ ነው፤ መውደቁ መቼ ይቀራል? ቀደም ብሎ ቢወጣ ምን ይጎዳል?» ጥያቄው ቅን ነው፤ ብዙ ሰውም በልቡ ይዞታል። «ጎጂ ልማድ ነው፤ ተውት» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። መልሱን ለማግኘት ጥርስ እንዴት እንደሚለወጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

የወተት ጥርስ እንዴት ይወልቃል?

የወተት ጥርሶች ከላይ አሥር፣ ከታች አሥር ናቸው። በእያንዳንዱ መንገጭላ አራት የፊት ጥርሶች፣ ሁለት ክራንቻዎችና አራት መንጋጋ ጥርሶች ይገኛሉ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበቅሉት የታችኞቹ ሁለት መካከለኛ የፊት ጥርሶች ሲሆኑ ይህም ከስድስት እስከ አሥር ወር ባለው ጊዜ ነው። የፊቶቹ ይከተላሉ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹ መንጋጋዎች ይወጣሉ። ክራንቻዎቹ ግን ከ16 እስከ 23 ወር ድረስ ይዘገያሉ። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ቢይዘው መልካም ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ሃያዎቹ በሙሉ ይሟላሉ። አንዱ ልጅ ቢቀድም ሌላው ቢዘገይ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት አንድም ጥርስ ያላበቀለ ልጅ ግን ለሐኪም ሊታይ ይገባል።

የወለቀ የወተት ጥርስ ያነሣ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ጥርሱ ሥር የለውም። «የወተት ጥርስ ሥር የለውም» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ሥር ነበረው፤ ያውም ረጅም ሥር። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ እያደገ ወደ ላይ ሲገፋ በሁለቱ መካከል ያሉ ልዩ ሕዋሳት የወተቱን ጥርስ ሥር ከጫፉ ጀምረው ቀስ በቀስ ያሟሙታል። ሥራው ወራትን አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። በመጨረሻ ጥርሱ በድድ ብቻ ተይዞ ይቀራል፤ ይነቃነቃል፤ አንድ ቀን ልጁ ዳቦ ሲገምጥ ይወልቃል። ደሙ ጥቂት የሆነውም፣ ሕመሙ ቀላል የሆነውም ስለዚህ ነው። የወተት ጥርስ ተተኪው እስኪደርስ ቦታውን ጠብቆ፣ መንገዱን አሳይቶ፣ ጊዜው ሲደርስ የሚለቅ ነው።

ልጆቻችን የወለቀውን ጥርስ ወደ ቤት ጣሪያ ወርውረው በምትኩ አዲስ እንዲሰጣቸው ይለምናሉ። ይህ ልማድ ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ልጁ ሳይፈራ እንዲጠብቅ ያደርገዋልና ደስ ይለኛል። በኮንዶሚኒየም የሚያድጉት ጣሪያ ማግኘት ቢቸግራቸውም ዘዴ አያጡም።

የፊት ጥርሶች ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ይለወጣሉ። ክራንቻዎቹና የወተት መንጋጋዎቹ ከዘጠኝ እስከ 12 ዓመት ይቆያሉ። አንዳንድ ጊዜ ቋሚው ጥርስ የወተቱ ሳይወልቅ ከኋላው ብቅ ይልና ልጁ ሁለት ረድፍ ጥርስ ያወጣ ይመስላል። የቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ከወተቶቹ በስተኋላ ስለሚሠሩ እንዲህ መሆኑ እንግዳ አይደለም። የወተቱ ጥርስ የሚነቃነቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወልቃል፤ ወራት ቆይቶም ካልተነቃነቀ የጥርስ ሐኪም ያየዋል። በክር አስሮ በር ላይ መጎተት አያስፈልግም።

አንድ የማይታወቅ ነገር ልጨምር። ቋሚ ጥርሶች በጠቅላላው 32 ናቸው። ከእነዚህ ሃያዎቹ የወተቶቹን ቦታ ይወርሳሉ፤ አሥራ ሁለቱ ግን ምንም ጥርስ ሳይወልቅላቸው ከኋላ ይበቅላሉ። ከአሥራ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ጀርባ በጸጥታ ይወጣሉ። ጥርስ ስላልወለቀ ወላጅ አያስተውላቸውም፤ ቢያያቸውም የወተት ጥርስ ናቸው ብሎ ያስባል። ሲቦረቡሩም «ይለወጣል» ተብሎ ይተዋሉ። አይለወጡም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ እህል የሚፈጭባቸው ዋነኞቹ ወፍጮዎች እነዚህ ናቸውና አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የልጁን አፍ ከፍቶ ከኋላ ቢመለከት ይበጃል።

«ግግ» የሚባለው ምንድን ነው?

ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለስ። ሕፃኑ ከአራት እስከ ስምንት ወር ባለው ዕድሜ ላይ ሳለ ክራንቻ በሚበቅልበት ስፍራ ድዱ ከፍ ብሎ፣ ነጣ ብሎ ይታያል። ከሥሩ ያለው የክራንቻ ጥርስ እያደገ ስለሆነ ነው። ለመብቀል ግን ገና አንድ ዓመት ያህል ይቀረዋል። በዚሁ ዕድሜ ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ተቅማጥ፣ ትውከትና ትኩሳት ያገኘዋል። ቤተሰቡ ሁለቱን አያይዞ ያበጠውን ድድ የበሽታው ምንጭ አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ «አዋቂ» ይጠራል፤ ድዱ በምላጭ ወይም በሌላ ስለት ይቀደድና ከውስጡ ለስላሳ ነጭ ነገር ይወጣል። ለቤተሰቡ «ይኸው ትሉ» ተብሎ የሚታየው ይህ ነገር ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የሕፃኑ የራሱ ጥርስ ነው።

የቋሚው ክራንቻ መጠንከር የሚጀምረውም ሕፃኑ ከአራት እስከ አምስት ወር ሲሆነው ነው። ስለቱ ድዱ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ጥርሶች እጅግ ተቀራርበው የሚገኙበት ጊዜ ነው። የወተቱን ለይቶ፣ ቋሚውን ሳይነካ የሚያወጣ እጅ የለም። እንግዲህ ለእናቲቱ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ የሚወጣው መውደቁ የማይቀረው ጥርስ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ያለው፣ ልጁ እስኪያረጅ ሊቆይለት የሚገባው ጥርስ አብሮ ይጠፋል፤ ወይም ተጣሞ፣ ሽፋኑ ተበላሽቶ ይወጣል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ንጹሕ ባልሆነ ስለት የሚደረግ ነገር ሁሉ የሚያስከትለው ደም መፍሰስ፣ የቁስል መመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ አለ። አንዱ ስለት ከልጅ ወደ ልጅ ሲዘዋወር ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቀድሞውኑ በተቅማጥ የደከመ ሕፃን አፉ ቆስሎ ጡት መጥባት ሲያቅተው ደግሞ ሞቱ ይፋጠናል።

ታዲያ ልማዱ ለምን ጸና? እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ድዱ የተቀደደለትም ያልተቀደደለትም ይሻለዋል። ቤተሰቡ ግን ሰኞ ተቀድዶ ሐሙስ የዳነውን ያያል፤ ምስጋናውም ለአዋቂው ይሆናል። የቋሚ ክራንቻ ቦታ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ልጁ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ነው። በዚያን ጊዜ የሕፃንነቱን ነገር ማን ያስታውሳል? የሞተውም ሕፃን ቢሆን «ግጉ ዘግይቶ ተገኝቶበት» ይባላል እንጂ ስለቱ አይጠረጠርም። ፈውስ የሚመስለው በሦስት ቀን፣ ጉዳቱ በአሥር ዓመት ሲታይ ልምድ ብቻውን ሊያስተምረን አይችልም።

የአሥር ዓመቱን ጉዳት ባሕር ማዶ ያሉ ሐኪሞች በግልጽ አይተውታል። በ1977 ዓ.ም እና በግንቦት 1983 ዓ.ም ከአገራችን ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች መካከል ብዙዎቹ የወተት ክራንቻ እንደሌላቸው፣ ከጎን ያሉት ጥርሶቻቸውም ሽፋናቸው እንደተጎዳ የዚያ አገር የጥርስ ሐኪሞች በሙያ መጽሔቶች ጽፈዋል። ልማዱ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ብሔር አይደለም። በኡጋንዳ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በታንዛንያም አለ። በአገራችንም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ያጠኑ ባለሙያዎች ከእንጥል መቁረጥ ጋር አብረው በስፋት ከሚፈጸሙት መካከል መዝግበውታል።

ሕፃኑን ያሳመመው ምን ነበር?

ስለት አያስፈልግም ካልን ምን እንደሚያስፈልግ መናገር ግድ ነው። «ጥርስ ሲያበቅል ያስቀምጠዋል» ሲባል እንሰማለን። ጥርስ ማብቀል ልሃጭ ያበዛል፤ ድድ ያሳክካል፤ ሕፃኑን ይነጫንጨዋል። ከባድ ተቅማጥና ከፍተኛ ትኩሳት ግን አያመጣም። በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ የሚበዛበት ምክንያት ሌላ ነው። ሕፃኑ ከእናቱ በደም ያገኘው የመከላከል ኃይል በእነዚህ ወራት ይቀንሳል። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባል። ስድስት ወር ሲሞላው ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ ከምግቡም ጋር ያልታጠበ እጅ፣ ያልተቀቀለ ጡጦ፣ የቆየ ውኃ ይመጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን የሚቆየው ውኃ ክዳን እንዲኖረውና በማንቆርቆር ብቻ እንዲቀዳ መምከር ከማንኛውም የድድ ሕክምና ይበልጣል።

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚሞተው በድርቀት ነው። ጡት ማጥባትን ማቋረጥ አይገባም፤ እንዲያውም መጨመር ያስፈልጋል። ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ኦ አር ኤስ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በማንኪያ ቀስ እያሉ ይሰጣል፤ የተበጠበጠው ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። ዚንክም ከ10 እስከ 14 ቀን ይታዘዛል፤ ተቅማጡ ቢቆምም መጨረስ አለበት። የሕፃኑ ዓይን ከጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ደም ከቀላቀለ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ለከባዱ ተቅማጥ ዋነኛ ምክንያት የሆነውን ሮታ ቫይረስን የሚከላከል ክትባት ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ በአገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ ገብቷል። የሚሰጠውም ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

ስለ ቋሚ ጥርስ ጥበቃ

በቅሎ ያደገውንም ጥርስ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ አጭር ልሁን። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። የጥርስ ሳሙናው ሦስት ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ጣፋጭ የያዘ ጡጦ አፉ ላይ አድርጎ ማስተኛት የፊት ጥርሶችን ያበሰብሳል። የተቦረቦረ የወተት መንጋጋ «ይወልቃል» ተብሎ ያለጊዜው ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ስለሚያዘነብሉ ቋሚው ስፍራ ያጣል። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችም ይህን ይወቁ፦ ልጅ ወድቆ የወተት ጥርሱ ቢወልቅ መልሶ መትከል አይገባም፤ ቋሚ ጥርሱ ሙሉውን ከወጣ ግን ሥሩን ሳይነኩ ወተት ውስጥ ከትቶ፣ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ወደ ጥርስ ሐኪም መሮጥ ጥርሱን ሊያድነው ይችላል።

በስምጥ ሸለቆ ላሉ አህጉረ ስብከት ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የቋሚ ጥርስ ሽፋን የሚሠራው ልጁ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ የሚጠጣ ልጅ ጥርሱ ሲበቅል ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ እንደሚታየው ማለት ነው። በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራልና በዚያ አካባቢ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰበካ ጉባኤ ውኃው ጠራ ብሎ ብቻ መመረቅ የለበትም፤ አስቀድሞ ያስመርምረው።

የአጥቢያው ድርሻ

የወንጀል ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በአንቀጽ 561 የእንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠቅሶ በዚህ ምክንያት ሕፃን እንዲሞት ያደረገ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ተከታዩ አንቀጽ የአካል ጉዳት ያደረሰውን ይመለከታል። ካህናትና ኮሚቴዎች ሕጉን ማወቅ አለባቸው። ሆኖም በእኔ እምነት ትምህርቱ ከሕጉ ሊጀምር አይገባም። የልጅ ልጃቸውን ለማዳን ብለው አዋቂ የጠሩ አያት በፖሊስ ስም ሲያስፈራሯቸው ድርጊቱን አይተዉም፤ ይደብቁታል። አሥር ዓመት ቆይቶ የሚወጣው ጥርስ ከዚያው ድድ ሥር እንደተቀመጠ ሲረዱ ግን ራሳቸው ጠባቂ ይሆናሉ። የሰፈሩን አዋቂ ሴቶችም ለስብሰባ መጥራት እንጂ ማራቅ አይበጅም።

ለዚህ ትምህርት ከክርስትና ዕለት የተሻለ ጊዜ አላገኘሁም። እናት፣ አባት፣ አያት፣ የክርስትና አባት ወይም እናት በአንድ ላይ ቆመዋል። ሕፃኑ ገና 40 ወይም 80 ቀኑ ነው፤ የክራንቻው ድድ አላበጠም፤ አዋቂም አልተጠራም። ካህኑ ወይም የተወከለ የሰበካ ጉባኤ አባል ከሥርዓቱ ፍጻሜ በኋላ ሦስት ነገር ቢናገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፦ ከጥቂት ወራት በኋላ ድዱ ነጥቶ እንደሚያብጥና ይህም ጤና እንደሆነ፤ ቢያስቀምጠው ጡት፣ ኦ አር ኤስና ጤና ጣቢያ እንጂ ስለት እንደማያስፈልግ፤ ድዱ ውስጥ ሁለት ጥርስ እንዳለ። የንስሐ አባቶችም ቤት ለቤት ሲሄዱ ይህንኑ ቢደግሙት፣ ሕፃን ታሞ ጸሎት ሲጠየቁም ጸሎቱን አድርሰው «አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ቢሉ ቃላቸው ከማንም ይልቅ ይሰማል። ክርስትና መዝገቡ ላይ የሕፃኑ ቀን ስለተጻፈ በአምስተኛው ወር ቤተሰቡን መጠየቅ ለሚፈልግ ኮሚቴ ሌላ መዝገብ አያስፈልገውም።

ይህ ዜና መጽሔት በየሦስት ወሩ ይወጣል። በዚህ ሳምንት በየአጥቢያችሁ ክርስትና የተነሡት ሕፃናት ቀጣዩ እትም በእጃችሁ ሲገባ ወንዶቹ ከአራት ወር በላይ፣ ሴቶቹ ወደ ስድስት ወር ይጠጋሉ፤ የክራንቻቸው ድድም በዚያን ጊዜ ነጣ ብሎ መታየት ይጀምራል።